የሦስት ቀን እጅ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ላይ የቆምሽውም ግቢ፤ ቦታ አይጠፋም። ዛሬ የማወራላችሁ ጓንት ሰፊዎች ቤት ስለገባች አንዲት ምራት ነው። ወሬዋ መራራ ናት፤ አብረን ስንሰማት ግን ትንሽ ትቀላለች።

የዚያ ቤት ምድሩ ሱቅና መስፊያ፣ ፎቁ መኖሪያ ነበር። ከአራት ትውልድ በላይ የቆዳ ጓንት ሰፍቶበታል። ልጅ ሲወለድ በሦስተኛው ቀን ግራ እጁን የልክ ወረቀት ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በእርሳስ ይስሉና ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። የምራትየዋ ባል ቅድመ አያት እጅ አለ፣ የአያቱ አለ፣ የሟች አባቱም አለ። የእሱ ቦታ ብቻ ክፍት ነው። «ጣሪያው አፍስሶ የአንድ ልጄን ወረቀት ውሃ በላው» ትላለች አማትየዋ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ምራትየዋ የአናጢ ልጅ ናት፤ እጀ ቀልጣፋ፣ ሳቂታ። እርግዝናዋ አምስት ወር ሲሞላው ከባሏና ከአማቷ ጋር አልትራሳውንድ ልትታይ ሄደች። ሐኪሙ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ሲያንሸራትት ቆየና አንድ ቦታ ላይ አቆመ። ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ሴት ናት አለ፣ ጤነኛም ናት፣ ልቧ ደህና ይመታል፤ ግራ እጇ ላይ ግን ከትንሿ ጣት ጎን አንዲት ስድስተኛ አለች።

ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። የሰው እጅ መጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ጣቶቹ የሚለያዩት በሁለተኛው ወር፣ እናት ማርገዟን ገና በወጉ ሳታውቅ ነው። የበላችው ወይም ያየችው ነገር አያመጣውም። ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል፤ ከአባት ወይም ከእናት አንዳቸው ካላቸው ይበቃል። አንዳንዴም ማንም ሳይኖረው ብቅ ይላል። ጉዳት የለውም። ከቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

ባልየው የግራ መዳፉን ጠርዝ ማሻሸት ጀመረ። እዚያ ላይ ምስር የምታክል ጠባሳ አለችው፤ በልጅነቱ መርፌ የወጋው ነው ይባላል። እናቱን አየ።

«በእኛ ቤት አምስት ነው» አለች እናቱ። «ለተጠራጠረ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎለታል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምራትየዋ አማቷ ጥርስ ውስጥ ገባች። አማትየዋ ደንበኛ ሲገባ ጠብቃ፣ ለትርፏ ጣት ቆዳ የሚያመጣው ማን ይሆን እያለች ትስቃለች፤ ደንበኛውም ለወጉ ያህል ይስቃል። አንድ ቀን የምራትየዋን ዘመዶች አስጠራች። አናጢው፣ ሚስቱና ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ እርቅ መስሏቸው የክት ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ እጃችሁን ዘርጉ አለቻቸው። ዘረጉ። እንደ ቆዳ እያገላበጠች ቆጠረች። የአናጢው ቀኝ እጅ ላይ የቀሩት አራት ነበሩ፤ አንዱን መጋዝ ከወሰደው ቆይቷል።

«የእናንተስ ጭራሽ ይጎድላል» አለች።

አናጢው እጁን ኪሱ ከተተ። «እንግዲህ ከእናንተም ካልሆነ፣ ከእኛም ካልሆነ፣ ሦስተኛ ሰው አለበት» አለች አማትየዋ። ፍርዷንም እዚያው ሰጠች፦ ልጅቷ ስድስት ጣት ይዛ ከተወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን እናትየዋ ታቅፋት ትወጣለች፤ የአማትየዋ ልጅም የሕፃኗ አባት አይባልም። ምራትየዋ አንዲት ቃል እንዲተነፍስላት ባሏን አየችው። አንገቱን ደፍቶ መዳፉን ያሻል።

ልጅቷ ተወለደች። ስድስት። በሦስተኛው ቀን እጇን የሚስልላት ሰው አልመጣም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ምራትየዋ ልጇን ታቅፋ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ስትወርድ አማትየዋ አስቆመቻት። አንድ ሽማግሌ ዳኛ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያሰፉትን ዓይነት ጓንት አዘዋል፤ ልካቸው ከታችኛው ሳጥን ውስጥ ነው። «እኔን ጉልበቴን ያመኛል። ከመሄድሽ በፊት አውጪልኝ» አለቻት። ያ ቤት ልክ አይጥልም፤ የሞተ ሰው ልክ እንኳን ይቀመጣል።

ምራትየዋ ልጇን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ፣ የወለደ ወገቧን ይዛ ጎንበስ አለች። ከዳኛው ልክ ሥር አንዲት ትንሽ ወረቀት ወጣች። የሕፃን ግራ እጅ ናት። ቆጠረች። ስድስት። ከወረቀቷ ጀርባ በአማትየዋ እጅ ጽሑፍ «ልጄ፣ የሦስት ቀን» ይላል።

ከልጇ እጅ ጎን ዘረጋቻት። «እማማ፣ ይቺ የማን ናት?»

አማትየዋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እኔም እዚህ ቤት ምራት ነበርኩ፤ አማቴ ሳታይ ትርፉን ጣት በክር አሰርኩት፣ በሳምንቱ ደርቆ ወደቀ አለች። «ልኩን ግን መጣል አልቻልኩም። እጄ እምቢ አለኝ። የት እንደሸጎጥኩት እንኳ ረስቼው ነበር።»

ምራትየዋ፣ አሁንስ እውነቱን ሰማ ብላ፣ በሩ አጠገብ ወደቆመው ባሏ ዞረች።

«አውቃለሁ» አላት። «የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ አይቻታለሁ። እናቴ እንዳታፍር ብዬ ነው።»

«እኔስ?»

እሱ መዳፉን አየ።

አማትየዋ የቆዳ መቀሷን አነሳች። ምራትየዋ ልጇን አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። አማትየዋ የፈለገችው ግን ወረቀቷን ነበር። የእርሳሱን መስመር ተከትላ፣ ስድስተኛዋን ጣት ቆርጣ ጣለች። የቀረውን ግድግዳው ላይ፣ ክፍት በነበረው ቦታ ሰካችው።

«ይኸው፣ አምስት» አለች። «ስትወጪ በሩን ዝጊው። ነፋሱ ቆዳውን ያደርቅብኛል።»

ምራትየዋ ያቺን የወረቀት ጣት ከወለሉ ላይ አንስታ የልጇ መጠቅለያ ውስጥ ሸጎጠቻትና ወጣች። ከኋላዋ በሩን ከውስጥ ሆኖ የዘጋው ባልየው ነው።

ይኸው ነው ልጆቼ። አንድ ቀን አራስ ቤት ገብታችሁ የሕፃን እጅ ከመጠቅለያው ብቅ ሲልላችሁ፣ መቁጠር ከመጀመራችሁ በፊት፣ ያቺን የወረቀት ጣት አስታውሱልኝ፤ አደራ።