ለድመቱ ነው

…ደግሞ ጫረ፣ ደግሞ ቁጢጥ አለ፣ ደግሞ ምንም፣ ድንቅነሽ መጥረጊያዋን እንደያዘች አመዱ ላይ የሚያምጠውን ድመት ታያለች፣ ሽና እንጂ አንተ፣ ሰው ሁሉ የሚበላው ሲቸግረው አንተን የምትሸናው ይቸግርህ፣ ድመቱ ዞሮ እያያት እንደ ሕፃን ያለ ድምፅ ያወጣል።

የሷ አይደለም እኮ። የመጋዘኑ ነው፣ የእርዳታው ስንዴ መካነ ሰላም የገባ ጊዜ አብሮ የገባ፣ ከጆንያ ጆንያ እየዘለለ አይጡን የፈጀ፣ ታዲያ ማን አበላሸው፣ እኛው፣ ኃላፊው አቶ ካሳ ጨው የበዛበት ደረቅ ዓሣቸውን እያካፈሉ፣ ዘበኛው የዱቄት ወተቱን እንዲያው ደረቁን እያላሰ፣ እሷም አለችበት፣ ውሮ ውሮ እያለች ከእጇ ያጎረሰችው ማን ነው፣ ጠገበ፣ አይጥ ተጠየፈ፣ ውሃ አልቀምስ አለ፣ ከዚያ ሽንቱ ተዘጋ።

ትናንት የከብት ሐኪሙ የድመቱን ሆድ በሁለት እጁ ይዞ ጫን ጫን ሲያደርግለት ከደም ጋር አሸዋ ወጣ፣ አሸዋ፣ በዓይኗ በብሌኑ አይታለች፣ ደረቅ ነገር በቃ አለ ሐኪሙ፣ ዓሣው ይቅር፣ ወተቱ ይቅር፣ ጨው አፉ አይግባ፣ እርጥብ ሥጋ በቀጭን መረቅ ስጪው፣ ውሃ ሆዱ እንዲገባ፣ አይጥ ቢበላማ ከሁሉ ይሻለው ነበር፣ አሁን ግን አይጥ የሚያድንበት አቅም የለውም፣ ዳግመኛ ከተዘጋ አለቀለት። ሥጋ። በሁዳዴ። በዚህ በክፉ ዘመን። ተናግሮ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ፣ አፍ ዳገት አይፈራም።

ዛሬ ጠዋት ለአቶ ካሳ ስትነግራቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩዋት፣ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ለድመት ሥጋ፣ ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ፣ እስከ ሰኞ ካልተነሣልኝ የአይጥ መርዝ በየጆንያው መሐል እበትናለሁ፣ መርዙ ይኸው ከጠረጴዛዬ ሥር ነው። ጌታዬ፣ በሩ ሥር የሚንጠባጠበውን ስንዴ ልጆች እየለቀሙ ጥሬውን ይቅሙታል እኮ። ጥረጊዋ አሏት፣ ሥራሽ ምን ሆነና። ትጠርጋለች፣ ከጠዋት እስከ ማታ ትጠርጋለች፣ የተራበ ልጅ ጣት ግን ከመጥረጊያ ይፈጥናል፣ እሱን ማን ያስረዳቸው፣ ከድመቱ ጋር የሚሞተው ማን እንደሆነ ማን ያስረዳቸው፣ የልመና ቃሏ ሁሉ ድመት ድመት የሚል ብቻ ሆኖ ይሰማቸዋል።

ከከተማ ለመጣው ዘማች ተማሪም ነግራው ነበር፣ ወጣት ነው፣ የተማረ ነው፣ ይገባዋል ብላ። የሰፊው ሕዝብ ጥያቄ ገና ሳይመለስ የድመት ጥያቄ ታነሺያለሽ እህቴ አላት። ይመለስ፣ ማን ጠላ፣ ባለፈው ሳምንት ገበያው ላይ መሬት ላራሹ ሲባል እሷም እልል ብላለች፣ ለጋምቦ ላይ የባሏ ማሳ አለ፣ ባሏ ክንፈ እህል ፍለጋ ብሎ ወደ ደሴ እንደወረደ ቀረ፣ በሬዎቹ አለቁ፣ መሬት አለ፣ አራሽ የለም፣ እና አሁን እሷ ያላት መጥረጊያ ነው፣ አንድ ድመት ነው፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለችው ክፍል የተኙት አማቷ እማሆይ ብዙዬ ናቸው። በቃ። እስከ ሰኞ።

ትሄዳለች። ምን ታድርግ፣ ትሄዳለች። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት በጾሙ ተዘግቷል፣ የቀረው የእስላሙ የጀብሪል ሥጋ ቤት ነው፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ በሾላው በኩል ዞራ ገበያው ዳር ትደርሳለች፣ ማንም ባያየኝ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ባያየኝ፣ የእማሆይ ብዙዬ ምራት በሁዳዴ ከእስላም ሥጋ ቤት በር ላይ፣ ይህ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባል። የተሰቀለው ሥጋም ሥጋ አይባል፣ አጥንቱ የገጠጠ የድርቅ በሬ፣ ጀብሪል ቢላዋውን እየሳለ እንደምን ዋልሽ ይላታል፣ አልሐምዱሊላህ ትላለች እንደ አገሩ ልማድ፣ ትንሽ ሳንባ ፈልጌ ነበር፣ ለድመት።

ጀብሪል ቢላዋውን ያቆማል። ያያታል፣ ጉንጯን፣ አንገቷን፣ የሰፋትን ቀሚስ፣ ሲያያት ራሷን ታያለች፣ መቼ ነው እንዲህ የሆንኩት። ሳንባውን ይተዋል፣ ከታፋው ደህናውን መርጦ ይቆርጣል፣ በቅጠል ይጠቀልላል፣ ኧረ ሳንባ ነው ያልኩህ፣ ለድመት ነው፣ ወላሂ ለድመት ነው፣ ከድርሻዋ የቋጠረችውን ስንዴ ልትሰጠው ትዘረጋለች፣ እጇን መልሶ ይገፋዋል።

«አብሽሪ እቴ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ረሃብ እስላም ክርስቲያን አይልም። ማንም አላየሽ፣ እኔም አላየሁሽ።»

ለድመት ነው እኮ፣ መንገዱን ሁሉ ትላለች፣ ለድመት ነው፣ እንዴት ሰው እውነቱን ተናግሮ ይዋሻል፣ አቶ ካሳ ለድመት ነው ብላቸው ናቁኝ፣ ይሄ ለድመት ነው ስለው አዘነልኝ፣ ደግነቱ ከስድብ ብሶ አንገበገባት፣ ተመልሳ ሥጋውን ጠረጴዛው ላይ ልትወረውርለት፣ ልትጮኽበት፣ ቅጠሉ ግን ለብ ይላል፣ ክብደት አለው፣ ምራቋ አፏን ሞልቶታል፣ እግዚኦ፣ ትውጠዋለች፣ ደግሞ ይሞላል፣ ሰውየው ምን አጠፋ፣ ያየውን ነው ያለው።

እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል፣ ቆባቸው ግንባራቸው ላይ ወርዷል። ድንቅነሽ ድመቱን ከመጋዘን አቅፋ አምጥታ ምድጃው አጠገብ ታስቀምጠዋለች፣ ሥጋውን ደቀቅ ደቀቅ አድርጋ በትንሿ ድስት በብዙ ውሃ ትጥዳለች፣ ሽታው ክፍሏን ይሞላል፣ በሩን ትዘጋለች፣ ጢሱ ሲያፍናት ትከፍታለች፣ ሽታው ሲወጣ ደግሞ ትዘጋለች፣ አንቺ ልጅ ምን እየሠራሽ ነው የሚል ቃል ከአልጋው ትጠብቃለች፣ የለም። ቀዝቀዝ ሲል በገል ታቀርብለታለች። ያሸታል። ፊቱን ያዞራል። በናትህ፣ ያን ሁሉ ውርደት ለብሼ፣ ጣቷን መረቁ ውስጥ ነክራ አፍንጫውን ትቀባዋለች፣ ይልሳል፣ ደግሞ ይልሳል፣ ከዚያ ራሱ ጎንበስ ይልና የምላሱ ድምፅ ይሰማል፣ ከሥጋው አንድ ሁለት ያነሣል፣ መረቁን ይጨርሳል፣ ትጨምርለታለች፣ ይጨርሳል።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ተነሥቶ በሩ ጥግ ወዳለው አመድ ይሄዳል። ትከተለዋለች፣ ትንፋሿን ይዛ። ጫረ፣ ቁጢጥ አለ፣ ጅራቱ ተንቀጠቀጠ፣ መጀመሪያ ጠብታ፣ ጠብታ፣ ከዚያ ቀጭን እንደ ክር፣ ሳይቋረጥ፣ አመዱ ጠቆረ፣ ጠቆረ፣ እልል ልትል አፏን በእጇ ትይዛለች፣ ሰኞ ይምጣ፣ መርዛቸውን እዚያው ከጠረጴዛቸው ሥር ያቆዩት።

«ድንቄ» ይላሉ እማሆይ ከኋላዋ።

መጣ፣ የፈራሁት መጣ። አቤት እማሆይ።

«ከመረቁ ተርፏል?»

ዞራ ታያቸዋለች፣ በክርናቸው ተደግፈው ቀና ብለዋል፣ ዓይናቸው ድስቱ ላይ ነው እንጂ እሷ ላይ አይደለም። እማሆይ፣ የጀብሪል ሥጋ ነው፣ ጾምም ነው፣ ትላለች፣ ቃሉ እየተጎተተ ነው የሚወጣላት። አውቃለሁ ልጄ ይላሉ።

 እሷም ለድመት ነው አትልም፣ ዋንጫውን አንሥታ ታለቀልቃለች፣ ድስቱን ዘንበል አድርጋ ትቀዳለች፣ ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ታስይዛቸዋለች፣ ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች፣ እንዳታያቸው፣ እንዳያፍሩ፣ ጉሮሯቸው ሲውጥ ግን ይሰማታል፣ አንድ፣ ሁለት፣ እረፍት፣ ደግሞ አንድ