ሰዲቅ ማሾ የበላ ጊዜ

ሰዲቅ ማሾ መዝራት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቀምሶት ግን አያውቅም። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ማሾ የሚሸጥ እንጂ የሚበላ እህል አይደለም። ጆንያው ይሰፋል፣ መኪና ይመጣል፣ አረንጓዴው ፍሬ ባሕር ተሻግሮ ማንም በማያውቀው አገር ይበላል። ሰዲቅ በዚህ ቅር ተሰኝቶ አያውቅም። «ማሳ ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ጦጣ ነው» ይል ነበር።

የመስኖ ሽንኩርቱ ከተሳካለት ወዲህ ደግሞ ከቤቱ የማሽላ እንጀራ ጠፋ። ጠዋት ፉርኖ ዳቦ በሻይ፣ ቀን መኮሮኒ፣ ማታ ሥጋ። ጎረቤት ብቅ ሲል ለስላሳ ይከፈታል። ሰዲቅ ደኅና ሰው ሆኗል፤ ሆዱ ግን ይህን ወሬ አልሰማም። ሦስት ቀን ይደርቅና በአራተኛው ያለ ይሉኝታ ይለቀቃል። ይነፋዋል፣ ይቆርጠዋል። ጉንፋንም ጎረቤት ከተማ ጀውሃ ላይ ከታየ ሮቢት ሲደርስ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ዘንድ ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት አለው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ሻጭ የሚገዛው ቀይና ቢጫ የፀረ ባክቴሪያ እንክብል። ጉንፋን ሲይዘው ሁለት፣ ሆዱን ሲቆርጠው ሁለት፣ ሲሻለው ደግሞ እንዳይመለስበት አንድ።

ይህን ሁሉ ችሎት ነበር። ያልቻለው ያለፈውን ረመዳን ነው። ስድስት ቀን ጾሞ በሰባተኛው ወደቀ። ሼኹ «የታመመ አይገደድም፤ ሲሻልህ ያጎደልከውን ቀን ጾመህ ቀዷውን ታወጣለህ» አሉት። ሃይማኖቱ ነፃ ለቀቀው፤ ሐፍረቱ ግን አልለቀቀውም። የልጅ ልጆቹ በሚጾሙበት ቤት፣ በስድሳ ዓመቱ፣ ምሳውን የሰረቀው ይመስል በር ዘግቶ በላ። ዘንድሮ ረጀብ ሲገባ፣ ረመዳን ሁለት ወር ሲቀረው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ።

ውባለም ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ሰገራውን አስመረመረችው፣ ደሙን አስመረመረችው፣ ሆስፒታልም ላከችው። ክፉ በሽታ አልተገኘበትም። ሰዲቅ በዚህ ትንሽ ቅር አለው።

«የሚበሉትን ይንገሩኝ እስቲ፣ ጋሼ ሰዲቅ።»

ነገራት፤ ባለፈው ረመዳን በር ዘግቶ የበላውንም አልደበቀም። ለስላሳውን ሲጠራ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«የሚያመርቱትንስ?»

«እሱማ የሚሸጥ ነው።»

ውባለም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ፍየል አለዎት?»

«አሥራ አራት።»

«መኖ ያጡ ዕለት ምን ይበላሉ?»

«ምን ይበላሉ፣ አጥር ነዋ።»

«እንግዲያው አንጀትዎ ውስጥ በዓይን የማይታይ መንጋ አለ። መኖው አሰር ነው፤ ከጥራጥሬ፣ ከእህል፣ ከአትክልት የሚገኝ፣ እኛ ራሳችን መፍጨት የማንችለው። በተለይ በውኃ የሚሟሟውን ይወደዋል። እሱን በልቶ የአንጀትን ግድግዳ የሚቀልብ ነገር ያመርትልናል። ካጣ ግን የአንጀቱን ልባስ ይግጣል። የሰውነታችን ዘበኛ ደግሞ አብዛኛው እዚያው አንጀት ዙሪያ ነው የቆመው። አጥሩ የሳሳበት ዘበኛ ጥላ ላይም ይተኩሳል።»

«እንክብሉስ?»

«እንክብሉ ፍየልና ጅብ አይለይም።»

ሰዲቅ አመናት። ስለ ሆዱ የነገሩት ሁሉ በሐኪም ቋንቋ ነግረውታል፤ በፍየል የነገረችው ይህች ብቻ ናት።

«ማሾ አለዎት፤ አብሽም አጃም ይሆናል። በጥቂቱ ይጀምሩ፣ ውኃ ያብዙ» አለችው። «በጥቂቱ» የሚለው ሰዲቅን የጨዋ ሰው ትሕትና መሰለው። ቤቱ ሦስት ኩንታል ማሾ አለ።

«ማሾ ቀቅዪ» አላት ሚስቱን ናጅዋን።

ናጅዋ አየችው። «ነጋዴው አልወስድም አለ እንዴ?»

«ልበላው ነው።»

«ምን ጎድሎብህ?» አለችና ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ገርበብ አደረገች። በመንደሩ ማሾ የሚበላው ገዢ ያጣ ሰው ነው።

ሰዲቅ ምሳውን አንድ ድስት ጨረሰ። በአሥር ሰዓት ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ከማንጎው ሥር ተዘረጋ።

«ሲስተርን ልጥራ ወይስ ሼኹን?» አለች ናጅዋ።

ውባለም በባጃጅ መጣች። ሆዱን ዳበሰች፣ አዳመጠች፤ የሚያሰጋ ነገር የለም።

«ምን ያህል በሉ?»

«እንደታዘዝኩት።»

ናጅዋ ድስቱን አሳየቻት።

ውባለም ድስቱን አየች፣ ሰዲቅን አየች። «ጋሼ ሰዲቅ፣ ክረምት ገብቶ የመጀመሪያው ሣር ሲበቅል ከብትዎን ዝም ብለው ይለቃሉ?»

ሰዲቅ ሕመሙን ረስቶ ቀና አለ። «ምን ነካሽ? ገለባ ሲበላ የከረመ ከብት ለምለም ላይ ተለቆ ይተርፋል? ተነፍቶ ይሞታላ። መጀመሪያ ገለባውን ታበላለህ፣ ጤዛው ሲረግፍ ትንሽ ታስግጣለህ፣ በማግሥቱ ትንሽ ጨምረህ…»

እዚህ ላይ ዓይኑ ባዶው ድስት ላይ አረፈ። ናጅዋ ድስቱን ከፊቱ አነሳች። «ለላሚቱ ያሰበውን ለራሱ ነፈገው» አለች።

ከማግሥቱ ጀምሮ ሰዲቅ ራሱን ያላምድ ጀመር። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ማንኪያ፣ በሁለተኛው አራት። ሰፋሪዋ ናጅዋ ናት፤ እጇ አይዛነፍም። የማሽላው እንጀራ ተመለሰ፣ የውኃው ጆግ ከአጠገቡ አልጠፋም፣ እንክብሉም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከደጁ እንዳይደርስ ተባለ። ከረመዳን በፊት ያለው ወር፣ ሻዕባን፣ ሲጋመስ ሆዱ የመንግሥት ሠራተኛ አለመሆኑን ለማስመስከር ይመስል በሰዓቱ ይገባ ጀመር። ጉንፋንም አንዴ መጥቶ ሁለት ቀን አድሮ ሄደ።

ሰዲቅ ከቀትር በኋላ ማንጎው ሥር ጋደም ብሎ የሆዱን ጉርምርምታ ያዳምጣል። ብዙ ከብት ጠብቋል፤ እንዲህ ያለ መንጋ ግን አላጋጠመውም። እረኛ አይፈልግ፣ የሰው ማሳ አይገባ፣ ጥቂት ቀለብ ሰጥተኸው ቀንና ሌሊት ይሠራልሃል።

«ጉንፋኑን ያባረረው ማሾው ነው አይደል?» አላት ውባለምን።

«እሱን አልልም። አንድ ሰው ስለተሻለው ማስረጃ አይሆንም።»

ሰዲቅ ከተናገረችው ሁሉ ይህንን አብልጦ ወደደው። እንክብሉን የሸጠለት ሰው እንዲህ ብሎት አያውቅም።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ለመጨረሻ ጊዜ አየችው። «ይሞክሩት። ካመመዎት ግን ያፍርሱ፤ በር ሳይዘጉ።»

የመጀመሪያው ቀን የሮቢት ሙቀት ለማንም አላዘነም። ሰዲቅ የቀትሩን ዙህር ሰገደ፣ የከሰዓቱን አስር ሰገደ፤ ናጅዋ በየመሐሉ ፊቱን ሰረቅ አድርጋ ታያለች። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ከልጅ ልጆቹ ጋር ምግቡ በተዘረጋበት ሰፍራ ዙሪያ ተቀምጦ ነበር። ሦስት ተምር፣ ውኃ፣ ቀጥሎ አንድ ኩባያ የማሾ ሾርባ። ቀስ ብሎ ጠጣው፤ ከዚያ ኩባያውን ወደ ናጅዋ ዘረጋ።

ናጅዋ ድስቱን ከደነችው።

«ይበቃሃል። ነገም ጿሚ ነህ» አለችው።