የማለዳ ጸሎት ቀስቃሽ

በሰፈራችን የማለዳ ጸሎት ማንም አርፍዶ አያውቅም፤ ጎህ ሳይቀድ ለእያንዳንዷ እህት የምደውለው እኔ ነበርኩ። እንቅልፍ አልነበረኝም። ሴቶቹ «የመትጋት ጸጋ» አሉት። እኔም የተሻለ ስም ስላልነበረኝ ተቀበልኩት።

በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ግን ጸጋው አልበጀኝም። አንድ ቀን የባዮሎጂውን ትምህርት ጨርሼ፣ ሰሌዳውን አጥፍቼ፣ ያንኑ እንደ አዲስ ጀመርኩት። ርእሰ መምህሩ ይህ ከተደገመ ክፍሉን ለሌላ እንደሚሰጥ ነገረኝ። ከማስተማር ሌላ ቀኔን የምሞላበት አልነበረኝም።

በማግስቱ ወደ ክሊኒክ ስሄድ ጎረቤቴ ቦሼ፣ ከሻንቶ ገበያ ዝንጅብል እያመጣች የምትቸረችረው፣ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ዘላ ገባች።

«ጸጋሽን በኪኒን ልትለውጪ ነው?»

«ዝም በይ፣ ቦሼ!»

ሐኪሙ ጋ አብራኝ ገባች። ቃለሕይወት የሚባል ወጣት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ መምህርት?»

«ከአምና ክረምት።»

«ጊዜውና ጸጥታው እያለ ነው እንቅልፉ የማይመጣው?»

«ጸጥታውስ ሞልቷል።»

«ቀን ላይስ?»

ስለ ተደገመው ትምህርት ነገርኩት። ቦሼ ጭኗን መታች፦ «ልጄ ባዮሎጂ የገባው ለካ ለዚህ ነው!»

«ያንኮራፋሉ?»

«የሚነግረኝ የለም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ስለምጠጣው ቡና፣ ስለምወስደው መድኃኒት፣ ስለሚያስጨንቀኝ ሐሳብ ጠየቀኝ። ከዚያም «ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ነው» አለ። «ከሦስት ወር አልፎ፣ ቀንዎንም ካበላሸ፣ በሽታ ነው። ይታከማል።»

ይታከማል! ሳላስበው ከወንበሩ ተነሳሁ።

«ኪኒን ለጊዜው ይቅር። አልጋው ለእንቅልፍ ብቻ ይሁን። እንቅልፉ እንቢ ካለዎት ከአልጋው ይነሱ። ቀን አይተኙ፣ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ። ስልኩም ከመኝታ ቤት ይውጣ።»

«ስልኩማ አይሆንም!» ቦሼ ጮኸች። «እኛን ማን ይቀሰቅሰናል?»

የመጀመሪያው ሳምንት ከበፊቱ ከፋ። ከተቀመጥኩ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ፈርቼ ቆሜ ብቻ አስተማርኩ። ከዚያ እንቅልፉ ቀስ እያለ፣ እንደ አፋር እንግዳ፣ ይመጣ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ በሩ ተደብድቦ ሊገነጠል ሲል ነቃሁ። ፀሐይ አልጋዬ ላይ ወጥታለች። ስልኬ ወጥ ቤት ነው። ለማንም አልደወልኩም!

ከፈትኩ። ከፊት ቦሼ፣ ከኋላዋ የጸሎት ኅብረቱ በሙሉ፣ ግማሾቹ በተኙበት ልብስ።

«ሞታለች ብለን እኮ ነው የመጣነው! ዛሬ አንድም ሰው አልጸለየም!»

«ተኝቼ ነው» አልኩ። ቃሉ ራሱ ጣፈጠኝ።

«እሱንማ በመስኮት ሰማን!» አለች ቦሼ። «ናርዶሴ፣ ታንኮራፊያለሽ!»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። እኔም የበሩን መቃን ይዤ ሳቅኩ፤ ከአምና ወዲህ እንዲያ አልሳቅኩም።

«ማንኮራፋቴን ለሐኪሙ አንቺ ትነግሪልኛለሽ» አልኳት ቦሼን። «እናንተ ደግሞ የማንቂያ ደወል ግዙ።»