ፎርማት አይደረግም

ሚዛን ከተማ ላይ ነጎድጓድ ማጉረምረም ሲጀምር ሰው ሁሉ ሶኬት ይነቅላል። ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ቻርጀሩን። እኔም ቤቴ እነቅላለሁ። ነገር ግን የሬዲዮ ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ወልደአማኑኤል፣ ሰርቨሩ ላይ አዲስ ሲስተም እየጫንኩ «አይነቀል» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ የለጠፍኩትን ወረቀት ገለጥ አድርገው ሶኬቱን ነቀሉት። ለምን ሲባሉ ወረቀቱ ስለ መብረቅ ምንም አይልም አሉ።

ዝናቡ አባርቶ መልሰን ስንሰካው ማሽኑ አልነሳም። እሳቸው ግን ብዙም አላዘኑም። ጅማ ላለው ባለሙያ ለኑዕማን ደወሉ፤ እሱም በማግስቱ መጥቶ ሁሉንም ደምስሶ እንደ አዲስ ሊጭን ተስማማ።

«ድምፆቹስ?» አልኳቸው። ሰርቨሩ ውስጥ አዘጋጃችን አማረች ስድስት ዓመት ሙሉ ገጠር ለገጠር እየዞረች በሸኮ ቋንቋ የቀዳቻቸው የሽማግሌዎች ድምፆች አሉ፤ በየሳምንቱ በሸኮ ሰዓት የምናስተላልፈው እነሱን ነው። ሌላ የትም የሉም። መጠባበቂያ ዲስክ ይገዛ ብዬ በለመንኩ ቁጥር በጀት የለም ስባል ኖሬአለሁ።

«እንደገና ትቅዳዋ» አሉ።

አማረች በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ግማሾቹ ሞተዋል። ከመቃብር ልቅዳ?» አለች።

«እንግዲያው የሸኮን ሰዓት በሙዚቃና በማስታወቂያ እንሞላዋለን።»

ነገሩ እዚህ ላይ ገባኝ። ያንን ሰዓት ለማስታወቂያ ሲመኙት ቆይተዋል፤ ብልሽቱ ሠርግና ምላሽ ሆኖላቸዋል። ደሜ ፈላ።

«ፎርማት አይደረግም» አልኩ።

«ማን ነኝ ብለሽ ነው?»

«ማርዋ ነኝ ብዬ።»

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ዲስኩ የተከፋፈለ ነው። ድምፆቹ ለብቻቸው በአንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ማሽኑ ሲበራ የሚነሳባቸው ደግሞ ሌሎች ሁለት ክፍሎች አሉ። በአንደኛው እስከ ትናንት የሠራንበት አሮጌው ሲስተም አለ፤ በሁለተኛው ተጭኖ ያላለቀው አዲሱ። መጫኛው ገና ከመጀመሪያው «ከእንግዲህ ከሁለተኛው ተነሳ» የሚል ምልክት ስላኖረ፣ ማሽኑ በተበራ ቁጥር ጣሪያ ወዳልለበሰው ቤት እየገባ ይቆማል። መፍትሔው ከአንደኛው እንዲነሳ ማድረግ ነው።

ሲበራ ለጥቂት ሰከንድ ከየትኛው ልነሳ ብሎ ይጠይቃል። አንደኛውን ለመምረጥ ኤፍ አንድ የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ፤ ያው ነው። ለካ ኪቦርዳችን ገመድ አልባ ነው፤ ሲስተሙ ሳይነሳ ማሽኑ አያውቀውም። መናኸሪያው አጠገብ ኮፒ ቤት ወዳለው ወደ ከድር ሮጥኩ።

«ባለገመዱን ኪቦርድህን አውሰኝ» አልኩት።

«ደንበኛ እየጻፈበት ነው እኮ።»

«ይጠብቃ።»

ደንበኛው ራሱ ሳቀ፤ እኔም ይዤው ሄድኩ።

ኤፍ አንድ ሠራ። አሮጌው ሲስተም መነሳት ጀመረና መሃል ላይ ቀጥ አለ፤ ፋይሎቼ ያሉት በየትኛው ክፍል ነው የሚል ጥያቄ አወጣ። መጫኛው የአሮጌውንም ሲስተም አድራሻ ወደ ሁለተኛው ክፍል ቀይሮት ኖሯል። እንዴት እንደተናደድኩ አልነግራችሁም።

«ሞተ?» አለች አማረች ከኋላዬ።

«የሞተ አይጠይቅም።»

የጥያቄ ምልክት ጻፍኩለት፤ ያሉትን ክፍሎች ዘረዘረልኝ። የአንደኛውን ስም ጻፍኩና ኢንተር መታሁ። መስመሮቹ እየተከታተሉ ወረዱ፤ ማሽኑ ተነሳ። ነገም ያንኑ እንዳይደግም አድራሻውንም የመነሻ ምልክቱንም ወደ አንደኛው መለስኩ። አማረች አንዱን ፋይል ከፈተች። አንድ ሽማግሌ ሳል ሳል አሉና በሸኮ ቋንቋ መናገር ጀመሩ። ባለፈው ክረምት ነው የተቀበሩት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ወልደአማኑኤል ኑዕማንን ይዘው መጡ። ኑዕማን ስክሪኑን አየ።

«ይሠራል እኮ። ምን ልሥራ ነው የመጣሁት?»

«የተባልከውን። ደምስሰው» አሉት።

ኑዕማን መጫኛውን የያዘውን ፍላሽ በእጁ እያገላበጠ ወደ እኔ ተመለከተ። ከወንበሬ አልተነሳሁም።

«ከሥራ ትባረሪያለሽ» አሉኝ።

«ልባረር። መጀመሪያ ግን ከነወንበሬ ያንሱኝ።»

የሸኮ ሰዓት ደርሶ ነበር። አማረች አጠገባችን ወዳለው ስቱዲዮ ገባች፣ በሩን ክፍት ተወችው፣ ማይክሮፎኑን ከፈተች። ስርጭት መጀመሩን የሚያሳየው ቀዩ መብራት በራ። አድማጮቿን በቋንቋቸው ሰላም አለችና ወደ አማርኛ ዞረች።

«ዛሬ የአባቶቻችን ድምፅ እንዲደመሰስ ተወስኗል። ምክንያቱን ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወልደአማኑኤል አሁን ይነግሩናል።»

ማይክሮፎኑን በክፍቱ በር በኩል ወደ እሳቸው ዘረጋችው።

ከሚዛን እስከ ቴፒ ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ እየሰማ ነው። እሳቸው ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አሉ። ኑዕማን ፍላሹን ኪሱ ከተተ።

«ፕሮግራሙ... ይቀጥላል» አሉ።

«በየሳምንቱ?» አለች አማረች፣ ማይክሮፎኑን ሳትመልስ።

አቶ ወልደአማኑኤል ቀዩን መብራት አዩት።

«በየሳምንቱ» አሉ።