መሪጌታ ዘውገ እንዳይቆሙ

መሪጌታ ዘውገ አርባ ዓመት ቆመው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ማኅሌት ላይ ቆመው፣ ቅዳሴ ላይ ቆመው፣ ዜማ ሲያስጠኑ እንኳ ቆመው። ስድሳ ሲሞላቸው የግራ እግራቸው ደም ሥሮች እንደ ገመድ ተቋጥረው ወጡ። ያሳክካቸዋል፤ ሲመሽ እግሩ ድንጋይ ያህል ይከብዳቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታገኘሁ በቅቤ አሹት፣ ጠበል አስረጩት፤ ሥሮቹ ወይ ፍንክች።

በ1972 ዓ.ም. ኅዳር ሲገባ፣ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ዶክተር ላሊበላ ላይ ድንኳን ተክሎ ሕመምተኛ ያይ ጀመር። እግር ይቆርጣል ተብሎ ተወራ። መሪጌታ ንስሐ ገብተው ሄዱ።

ዶክተሩ አግዳሚ ላይ አቁሞ እግራቸውን ዳሰሰ። የሚተረጉምለት የጤና ረዳቱ፣ ድሬሰር ምስጋኑ ነበር።

«ቢላዋ የለም፣ መሪጌታ። በቀጭን መርፌ መድኃኒት ሥሩ ውስጥ ይገባል። የታመመው ሥር ይደርቃል፤ ደሙ በጤነኛው በኩል ይሄዳል።»

«ደሙ ይህን እንዲያደርግ ማን ይነግረዋል?»

ምስጋኑ ተረጎመ። ዶክተሩ ሳቀና ሰባት ቦታ ወጋቸው። ከዚያ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት በላስቲክ ፋሻ ጥብቅ አድርጎ ጠመጠመው። መሪጌታ አልቆልኛል ብለው ጋደም ሊሉ ሲሉ ዶክተሩ ጮኸ።

«ይነሡ! አሁኑኑ ይሂዱ ይላል» አለ ምስጋኑ።

«ወዴት?»

«ዝም ብለው ይሂዱ።»

«ምን አስቀይሜው ነው?»

አላስቀየሙትም። ሕክምናው እንዲያ ነው፤ ሁለት ሳምንት አንድ ቦታ መቆም የለም፣ ብዙ መቀመጥም የለም፣ መራመድ ብቻ። ምስጋኑ ይህንኑ ወረቀት ላይ አሳጥሮ ጻፈና ማኅተም መታበት፦ «ግለሰቡ መቆም አይችሉም። መሄድ አለባቸው።»

ወይዘሮ እታገኘሁ ሲሰሙ፣ «መቋሚያ ይዞ የሚኖር ሰው አትቁም ተባለ!» ብለው አፋቸውን ያዙ።

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሰጠኝ መሪጌታ በቢሮው ደጅ ሦስት ጊዜ ሲያልፉ አየ።

«መሪጌታ፣ ወዴት ነው?»

«የትም።» ወረቀቱን ሰጡት።

ሰጠኝ ሁለት ጊዜ አነበበው። «መሄድ አለባቸው ይላል። ወዴት እንደሚሄዱ አይልም። በዚህ ዘመን ሄደ የተባለ ሰው ሁሉ ጫካ ነው የሚገኘው።»

«እግሬ እኮ ነው እንዲሄድ የታዘዘው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«እግርዎ ብቻውን አይሄድም።»

መፍትሔው የይለፍ ወረቀት ነበር። ሰጠኝ ቅጹን አውጥቶ ሞላ። መነሻ፦ ላሊበላ። መድረሻ፦ የትም። ምክንያት፦ ደም ሥር። ለጥንቃቄም ጥሩሰው የሚባል ሚሊሻ ጠመንጃውን ይዞ እንዲከተላቸው አዘዘ። መሪጌታ ከገበያው ሜዳ እስከ ቤተ ማርያም ዳዊት እየደገሙ ይመላለሳሉ፤ ጥሩሰው ከኋላ ያዘግማል። በአምስተኛው ቀን መሪጌታ አንድ ስንኝ ቢዘሉ ጥሩሰው አረማቸው።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ከአውራጃ ጓድ ደርበው የሚባል ካድሬ መጥቷል። መመሪያው አንድም ነዋሪ እንዳይቀር ይላል። አራት መቶ ሰው ሜዳው ላይ ቆሞ ንግግር ሲሰማ፣ ዐሥር ደቂቃ እንዳለፈ መሪጌታ ነጠላቸውን ሰብስበው መንገድ ጀመሩ።

«ያ ሰውዬ ወዴት ነው?» አለ ደርበው በድምፅ ማጉያው።

«የትም ነው፣ ጓድ። ፈቃድ አላቸው» አለ ሰጠኝ።

«ስብሰባ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው።»

«መቆምም ክልክል ነው፣ ጓድ። በማኅተም።»

ደርበው ወረቀቱን አይቶ አሰበ። ሰውዬው ከሄዱ አንድ ሰው ቀረ ማለት ነው። አንድ ሰው ከቀረ ስብሰባው አልተሟላም። ካልተሟላ ተጠያቂው እሱ ነው። ላቡን ጠረገ።

«እንግዲያው ስብሰባው ይከተላቸው!»

አራት መቶ ሰው ተነቃነቀ። መሪጌታ ከፊት፣ ጥሩሰው ከኋላቸው፣ ሕዝቡ ተከትሎ፣ ወደ ናአኩቶ ለአብ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዙ። ደርበው ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ የኋሊት እየተራመደ ስለ ምርት ዘመቻ ተናገረ። መሪጌታ አፍረው ቆም ሲሉ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ፣ «መቆም አይችሉም!» ይላል። በየማሳው ያለው ገበሬ ካህን የሚመራውን ሰልፍ ሲያይ ታቦት የወጣ መስሎት ሥራውን እየጣለ ተቀላቀለ። ሴቶች እልል አሉ። ደርበው እልልታው ለምርት ዘመቻው መስሎት እጁን ሲያነሣ ቦይ ውስጥ ገባ። አውጥተው ልብሱን አራገፉለት፤ ንግግሩን ከቆመበት ቀጠለ።

ለአውራጃው የተላከው ሪፖርት ታላቅ የድጋፍ ሰልፍ ተደረገ ይላል። መልሱ ፈጥኖ መጣ፦ በየሳምንቱ ይደገም።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ዶክተሩ ፋሻውን ፈታ። ገመድ የሚያህሉት ሥሮች ሟሽሸው ቡናማ መስመር ብቻ ቀርቷል። መሪጌታ እግራቸውን እንደ ሌላ ሰው እግር አገላብጠው አዩት። ለኅዳር ጽዮን ቆመው ወረብ ሲያወርዱ፣ እታገኘሁ ከሴቶች መቆሚያ ሆነው፣ «ይበቃል፣ አሁን ተቀመጥ» የሚል ምልክት ቢያሳዩዋቸውም እንዳላየ ሆነው ቀጠሉ።

ከበዓሉ ማግስት ጓድ ሰጠኝ የይለፍ ወረቀቱን ላስመልስ ብሎ ቤታቸው መጣ። ወረቀቱን ተቀብሎ ግን አልሄደም። በሩን ዘጋና የካኪ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ። የሁለቱም እግሮቹ ሥሮች ጥቅልል እባብ መስለዋል።

«አምስት ዓመት መድረክ ላይ ቆሜ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዶክተሩ አሁን የት ነው ያለው?»

«ትናንት ወደ ወልድያ ወረደ።»

ሰጠኝ ሱሪውን እንደ ጠቀለለ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እታገኘሁ የታጠበውን ፋሻ ከገመዱ ላይ አውርደው ፊቱ ተንበረከኩ።

«የቱ ይብስሃል፣ ልጄ?»

«ቀኙ፣ እትዬ።»

በባላቸው እግር ላይ እንዳዩት ከቁርጭምጭሚቱ ጀምረው ጠመጠሙለት። መሪጌታ ደግሞ በትራቸውን አንሥተው በሩን ከፈቱ።

«ተነሥ፤ እንሂድ» አሉት።