ጥጉ ባዶ የሆነው ካርታ

የእንግሊዟ ብላክፑል ከተማ ውስጥ የምትሃተኞች ማህበር መግቢያ ፈተናው በዓመት አንዴ ነው። ከወደቅኩ እስከ ከርሞ መጠበቅ ነው፤ አባቴ ደግሞ ትራም ለሚነዱት ጓደኞቹ በሙሉ «ልጄ አለፈች» ብሎ ጨርሷል። ገና ሳልፈተን።

እና ልክ ስሜ ሊጠራ ሲል፣ በር ላይ፣ አዲስ የመጫወቻ ካርታ ሰጠኝ። አዲስ ማለቴ፣ የድሮ እንዲመስል የተሠራ። ጀርባው ላይ ቡናማ ሐረግ፣ ወረቀቱ ሻይ የተደፋበት የሚመስል።

«በዚህ ሥሪ፣ ኢሚ። ያንን ያለቀለት ካርታሽን ተይው።»

«አባ፣ እጄ አልለመደውም እኮ።»

«ጫማ ነው እንዴ የሚለመደው?»

ፊቱን አየሁና እሺ አልኩ።

ፈታኟ ሚስስ ኦለረንሾ ናቸው። ሰባ አልፏቸዋል፣ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። የማህበሩ ሰዎች ከኋላቸው፣ ከነሱም ኋላ ፊት ለፊቴ አባቴ። ካርታውን በወዝኩ፣ አንድ መረጡ፣ አይተው ከላይ መለሱት። ዘዴዬ ቀላል ነው፤ ከሁሉም በታች ያለውን ካርታ በጨረፍታ አያለሁ፣ ከዛ ከመሃል ከፍዬ የታችኛውን ግማሽ ከላይ አደርጋለሁ። አንድ በአንድ ስገልጥ፣ ያ ያየሁት እንደመጣ ቀጥሎ ያለው የሳቸው ነው። ጨረፍታ ማለት ደግሞ ጥጉ ላይ ያለችውን ቁጥር ማየት ነው፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ።

አየሁ። ጥጉ ባዶ ነው። የድሮ ካርታ ለካ ቁጥር የለውም። ቀይ ልቦች ብቻ፣ ብዙ። ስንት እንደሆኑ መቁጠር አለብኝ፣ ጊዜ ደግሞ የለኝም። የለመድኩት ካርታ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ግን አባቴ እያየ እንዴት ላውጣው?

ወሬ ጀመርኩ።

«ይሄን የገዛልኝ አባቴ ነው። ሚስማር ሊገዛ ገብቶ መጋረጃ ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። አባ፣ ዋሸሁ?»

ሁሉም ወደሱ ዞሩ።

«መጋረጃው ግን ቆንጆ ነበር» አለ።

ቁልቁል አየሁና ቆጠርኩ። አራት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ወይስ አስር ነው? ሚስስ ኦለረንሾ ፊታቸውን መለሱ።

ከፍዬ መግለጥ ጀመርኩ። አስር ልብ መጣ። ትንሽ ቆየሁበት፣ ከዛ ዘጠኝ ነው ብዬ አለፍኩት። ሌላ ስድስት ካርታ ገለጥኩ። ዘጠኝ ልብ መጣ። ቀጥሎ ያለውን ሳልገልጥ ፊታቸው አስቀመጥኩ።

ገልብጠው አዩት። ጥቁር ንግሥት።

«ይሄው ነው የመረጥኩት» አሉ።

አባቴ አጨበጨበ፣ ብቻውን። እሳቸው ወደኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቁልቁል ስታዪ በጣም ቆየሽ።»

«አውቃለሁ።»

«በዚህ ካርታ ማንም ይቆያል።» ወረቀታቸው ላይ «አልፋለች» ብለው ጻፉ። «ሐሙስ ነይ፣ ቶሎ መቁጠር አስተምርሻለሁ። ወሬሽን ግን እንዳትቀንሺ።»