የፋብሪካው ሞላና የቲቸር ዓይን

በእኛ ቤተ ክርስቲያን መማል አይፈቀድም። ቢፈቀድ ኖሮ ይህንን ነገር በእናቴም በልጆቼም ምዬ እጀምርላችሁ ነበር። ስላልተፈቀደ በመኪናዬ ልማል፤ ሽማግሌዎቻችን በመኪና መማልን የሚከለክል ደንብ እስካሁን አላወጡም። ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ከአርባ ምንጭ ካምባ ድረስ በእግሬ ልሂድ።

ዓመቱ 2005 ነው። መኪናዋ ከላይ ጂፕ የምትመስል፣ ከሥር ግን እንደ እሽቅድምድም መኪና የተሠራች፣ ከኋላዋ «ስፖርት» ተብሎ የተጻፈባት ቀይ መኪና ናት። በዞናችን እንደ እሷ ያለች አልነበረችም። አዲስ አበባም ሁለት ብቻ ነበሩ ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ።

ሜካኒካችን ጉታ መጀመሪያ ያያት ቀን ከሥሯ ገብቶ ቆየና አቧራውን እያራገፈ ወጣ።

«ዘካሪያስ፣ ይቺ ለአስፋልት ናት» አለኝ። «ሞላዋ አጭር ነው፣ ደረቅም ነው። ሾክ አብዞርበሯም እንደዚያው። ኩርባ ላይ አትዘምም፣ መሬቱን ቆንጥጣ ነው የምትሄደው። ግን የረገጠችውን ጠጠር ሁሉ በወገብህ ትቆጥረዋለህ። ረዘም ለስለስ ያለ ሞላ ልግጠምልህ።»

«ፋብሪካው ያላወቀውን አንተ ልታውቅ ነው?»

«ፋብሪካው ካምባን አያውቅም።»

አላስነካሁትም። የፋብሪካው ሞላ እንዳለ ይቆይ አልኩ። ደግሞም አስፋልት ላይ ስታዩአት ሌላ ናት። በመቶ አርባ ኩርባ ስታጠፍ እስከ አፉ የሞላ ሻይ ከፊቴ አስቀምጬ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

እንግዲህ አንድ የገበያ ቀን ድንች ልገዛ ካምባ ወጥቼ፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ኑኃሚን እየሮጠች መጣች። ኑኃሚን የቲቸር ብርሃነመስቀል ልጅ ናት፤ የዞኑ ውኃ ቢሮ ሠራተኛ ስለሆነች በቢሮው መኪና ያልረገጠችው ወረዳ የለም። አባቷ በወጣትነታቸው ከሰሜን መጥተው ካምባ የቀሩ አስተማሪ ናቸው። ስድስተኛ ክፍል እኔን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም የአገሩ ሰው ሁሉ ቲቸር ነው የሚላቸው።

የቲቸር ግራ ዓይን ከድሮ ጀምሮ አያይም። የዚያን ቀን ጠዋት ሲነሱ በቀረችው በቀኟ ከጎን በኩል ጥቁር ነገር እንደ መጋረጃ ወርዶባታል። ኑኃሚን አዲስ አበባ ላለ ዶክተር ደውላ የነገራትን ሳትቀንስ ነገረችኝ።

«የዓይኑ የውስጥ ሽፋን እየተላቀቀ ነው አለኝ። መሃሉ ገና ይዟል። እስከ ነገ ማታ ከደረሱ እንሠራዋለን፤ መንገድ ላይ ከተንገጫገጩና መሃሉ ከለቀቀ ግን አትልፉ አለኝ።»

አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ሄዷል። አውቶቡሱ እንዴት እንደሚንጥ ታውቃላችሁ። ከአርባ ምንጭ በአውሮፕላን ይሄዳሉ፤ እስከዚያ የቀረችው የእኔ መኪና ናት።

ኑኃሚን የመኪናዋን ኋላ በሁለት እጇ ተጫነችው። ንቅንቅ አላለም።

«ጋሽ ዘካሪያስ፣ ይቺ ትንጣለች።»

«ሌላ ሰው ሲነዳት።»

«አባዬ ያለው አንድ ዓይን ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ» አልኳት። አፌ ደርቆ ነበር፤ ከጥማት ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጭንቅላቴ የሠራው። በእኛ አገር አይሱዙ የነዳ ሰው ሁሉ ባዶ መኪና እንደሚዘልና የተጫነ መኪና እንደሚተኛ ያውቃል። ከገበያው አምስት ጆንያ ድንች አስመጥቼ ከኋላ አስጫንኩ። መኪናዋ ጎንበስ አለች። የጋቢናውን ወንበር ወደ ኋላ ለጥጠን ቲቸርን በጀርባቸው አስተኛናቸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንዳይንቀሳቀስ ብላ ሁለቱንም ዓይናቸውን በፋሻ አስራው ነበር። ኑኃሚን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጇ ያዘች፤ እኔ መሪውን ያዝኩ።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሐር ነው። ድንቹ ሞላውን ተጭኖ ጉድጓዱን ሁሉ ዋጠው።

«እንዴት ነህ አባዬ?»

«ደህና ነኝ። ዘካሪያስ፣ ወሬ አታብዛ፣ መንገዱን እይ።»

መንገዱን እያየሁ ነበር። የማላየው የፋሻውን ውስጥ ነው። ከዚያ ሥር መጋረጃው ይውረድ ይቁም ማን ያውቃል? አርባ ምንጭ ደርሰን ፋሻው እስኪፈታ ቲቸርም አያውቁም። አንዲት ድንጋይ በረገጥኩ ቁጥር በልቤ «አሁን ለቀቀች» እላለሁ። ቀጥሎ ደግሞ «አይ፣ የቅድሟ ናት ያስለቀቀቻት» እላለሁ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ጣጣው መጣ። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ስለሆነ የፊት ጎማዎቿ ቀለሉ። መሪውን ሳዞር የዞረው መሪው ብቻ ነው። ያቺ ኩርባ ላይ መሬት የምትቆነጥጥ መኪና ፊቷን ወደ ገደሉ ሰጠች፤ ጅራቷም በሌላ በኩል ልትቀድማት ወጣች። ገደሉ ሥር የለውም። ንስር ከታች ሲበር ጀርባውን አይቻለሁ።

ሌላ ሾፌር ቢሆን ፍሬን ይይዝ ነበር። እኔ መሪውን በተቃራኒው ሰብሬ ነዳጅ ሰጠኋት። በሁለት ጎማ ቆመች። በሁለት ጎማ ሁለት ኪሎ ሜትር ነዳሁ። በዚህ መሃል በአንድ እጄ የኋላውን በር ከፍቼ አምስቱንም ጆንያ አንድ በአንድ አራገፍኩ። ያገሩ ሰው እስከ ዛሬ እዚያ ድንች ይለቅማል። ቲቸር ግን ቅንጣት አልተነቃነቁም።

ድንቹ ሲወርድ መሪው ወደ እጄ ተመለሰ፤ መኪናዋም መንገዷን ያዘች። ነገር ግን ደረቁ ሞላ ተመልሶ ደረቀ። ምን ይሻላል? መሪ ሲሰጥህ ምቾት ይነሳሃል፤ ምቾት ሲሰጥህ መሪ ይነሳሃል። ከዚያ በኋላ በችሎታ ብቻ ነው የነዳሁት። እያንዳንዱን ድንጋይ ከሩቅ ለይቼ በሁለቱ ጎማዎች መሃል አሳለፍኩት። ከዘጠኝ ሺህ ድንጋይ አንዱን እንኳ አልነካሁም።

«ምን ተሰማህ አባዬ?» ትላለች ኑኃሚን።

«ጠጠር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ጠጠር።»

ጫሞ ሐይቅ ከታች ብቅ ሲል ሰዓቴን አየሁ። አራት ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ በሁለት ሰዓት ጨርሻለሁ። የስድስት ሰዓቱ አውሮፕላን እንዳይቀድመን ብዬ አየር ማረፊያ ስገባ ሞተሩን አስነስቶ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ከፊቱ ሄጄ ቆምኩበት። አብራሪው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ማን ነው?» ሲል «ዘካሪያስ» አልኩት። ቆመ።

እስከዚህ ጽፌ ባለፈው ሰንበት ከአምልኮ በኋላ ቲቸር ቤት ሄድኩ። አሁን አርባ ምንጭ ከኑኃሚን ጋር ነው የሚኖሩት። ላነብላቸው ስጀምር እጃቸውን ዘረጉ።

«ስጠኝ፣ ራሴ አነበዋለሁ።»

ወረቀቱን ቀኝ ዓይናቸው ሥር አስጠግተው፣ በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ኑኃሚን ጓዳ ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። ቲቸር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዘካሪያስ፣ የነዳችው ኑኃሚን ናት።»

«ቲቸር፣ ዓይንዎ እኮ ታስሮ ነበር።»

«ታስሮ ነበር። ኩርባው ላይ ስትንሸራተት ፍሬን ይዘህ አቆምክ። ወርደህ መንገዱ ዳር ተቀመጥክ፣ አልነዳም አልክ። ድንቹን አወረደችው፤ የጎማውን ንፋስ ቀነስ አደረገችና በሰው እርምጃ ነዳች። ሰባት ሰዓት ነው የፈጀብን። የስድስት ሰዓቱ አውሮፕላን ሄዶ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ነው የበረርነው።»

ወረቀቱን አጥፈው ጉልበቴ ላይ አኖሩት።

«ከኋላ ሆኖ ጭንቅላቴን የያዘው አንተ ነህ» አሉኝ። «እጅህ እስክንደርስ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር።»